እጅጌ የሌለው ቀሚስ

ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 22 ነው። አዲስ አበባ ከእናቴና ከታላቅ እህቴ ጋር ነው የምኖረው። ራሴን መጉዳት የጀመርኩት 11ኛ ክፍል ሳለሁ፣ አባታችን ያረፈ ሰሞን ነው። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ እኔ እንባ እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ውስጤ ሲታመቅ ወደዚያው እሄዳለሁ። ለትንሽ ጊዜ ይቀለኛል፣ ወዲያው ደግሞ እፍረቱ ይመጣል። መሞት ግን አልፈልግም።

አራት ወር ሙሉ ትቼው ነበር። ባለፈው ሳምንት ከእናቴ ጋር በማይረባ ነገር ተጣላንና ተመለስኩበት። አሁን ልፋቴ ሁሉ ዜሮ የገባ መሰለኝ። እናቴ አንድ ቀን ክንዴን አይታ «የሰው ዓይን ነው፣ ጠበል እንሂድ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አላነሳችውም። ሆስፒታል ብሄድ አማኑኤል አስገብተው ይቆልፉብኛል ብዬ እፈራለሁ። እህቴ ከፋሲካ በኋላ ታገባለች፤ ሚዜ ነኝ። የተመረጠው ቀሚስ እጅጌ የለውም። ከየት ልጀምር?

መ. ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

ልጄ መ.፣ ደብዳቤሽን ያነበብኩት ማታ ተረኛ ሆኜ ነው። «መሞት ግን አልፈልግም» ያልሻት ላይ ቆየሁ። አምኜሻለሁ። ራሱን የሚጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ያቺን ሰዓት ማለፍ ነው። ነገር ግን ችግሩ ዓመታት ሲቆይ የሞት ሐሳብም ሊከተል ይችላል። እሱ ከመጣ ነገ አትበይ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ እናትሽን ወይ እህትሽን ቀስቅሰሽ አቅራቢያሽ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ድንገተኛ ክፍል ቀጠሮ አይጠየቅም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። የአእምሮ ጤና ነርስ ከመሆኔ በፊት ድንገተኛ ክፍል እሠራ ነበር። የሆስፒታሉ ስም ይቅር። አንድ ከሰዓት ያንቺ እኩያ የሆነች ልጅ መጣች። ቁስሏን የሚሰፋላት ባልደረባዬ «ሞልቶልሽ ነው እንዲህ የምትጫወቺው» አላት። እኔ ፋሻ እያቀበልኩ ዝም አልኩ። ልጅቷ ወደ ግድግዳው ዞረች። ፊቷ ጠፍቶብኛል፤ ጆሮዋ ላይ የነበረችው ትንሽ የብር ጉትቻ ግን እስካሁን ትታየኛለች። አንድ ቃል ብናገር ምን ነበረበት? እንደገና ትምህርት ቤት ገብቼ ይሄን ሙያ የተማርኩት በእሷ ምክንያት ነው ብል አላጋነንኩም።

ይሄን የምነግርሽ እንዲህ ያለ ሰው አንቺም ሊገጥምሽ ስለሚችል ነው። ከገጠመሽ ጥፋቱ የእሱ ነው። ሌላ ባለሙያ ጠይቂ እንጂ ወደ ቤት አትመለሺ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሰፈርሽ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሪ። የዓለም ጤና ድርጅት ኤምኤችጋፕ የሚለው መርሐ ግብር አለው፤ የአእምሮ ሕክምናን የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ጤና ተቋምም ለማዳረስ ነው። ኢትዮጵያ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሞክሩት ከቆዩት አገሮች አንዷ ናት። በእሱ የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች በብዙ ጤና ጣቢያ አሉ፤ ራስን መጉዳትም ከሚማሩት አንዱ ነው። ካርድ ክፍል ስትደርሺ ሰው ፊት ገበናሽን መዘርዘር የለብሽም። «የአእምሮ ጤና የሚያይ ባለሙያ ፈልጌ ነው» ማለት ይበቃል። እዚያ ከሌለ ሪፈር ይጽፉልሻል። ዘውዲቱ፣ ጥቁር አንበሳ፣ ጳውሎስ፣ ሁሉም የአእምሮ ሕክምና አላቸው።

ክፍሉ ውስጥ ስትገቢ ቃል ቢጠፋሽ ለኔ የጻፍሽውን ይሄንኑ ደብዳቤ አውጥተሽ ስጪ። የምሬን ነው። እኔ ጋ በወረቀት ጽፈው የመጡ ብዙ ሰዎች አሉ። መቼ እንደጀመረሽ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደሚሰማሽ፣ እንቅልፍሽን፣ ምግብሽን ትጠየቂያለሽ። መሞት ታስቢ እንደሆነም በግልጽ ይጠይቁሻል። ያንን ሁሉንም ሰው እንጠይቃለን፣ አትደንግጪ። ክንድሽን አሳዪ ብትባዪና ካልቻልሽ «ዛሬ ይቅርብኝ» ማለት ትችያለሽ። ያለፈው ሳምንቱ ቁስል ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም መግል ከያዘ ግን አትደብቂው፤ የቴታነስ ክትባት ያስፈልግሽ እንደሆነም ጠይቂ።

አማኑኤል ያልሽው ገብቶኛል። ስሙ በየሰፈሩ መሰዳደቢያ ሆኗል፤ እዚያ ለሚለፉትም ለሚታከሙትም ያሳዝነኛል። እዚያም ቢሆን አብዛኛው ታካሚ ተመላላሽ ነው። ጠዋት ይመጣል፣ ታይቶ፣ መድኃኒት ካለው ይዞ፣ ቤቱ ይገባል። እንደ ጻፍሽልኝ ከሆነ አንቺን አስተኝቶ ለማከም የሚያደርስ ነገር አይታየኝም። የሚያስፈልግሽ በቀጠሮ እየተመላለሱ መነጋገር ነው።

ከዚያ ንግግር ውስጥ የአባትሽ ለቅሶ ቦታ ይኑረው። እኛ ጋ ለቅሶ ቤት ያላለቀሰ ሰው ይታማል። «አባቷን አትወደውም ነበር እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አንቺ በ11ኛ ክፍል ዕድሜሽ ያን ሁሉ ዓይን ተሸክመሽ ቁጭ ብለሻል። እንባ እምቢ ማለቱ ድንጋጤ ነው፤ ፍቅር ማነስ አይደለም። ሐዘኑ መውጫ ሲያጣ ክንድሽ ላይ ወጣ። እኔ እንዲህ ነው የሚመስለኝ፤ ፊት ለፊት የሚያናግርሽ ባለሙያ ግን ከኔ የተሻለ ያየዋል።

ማርሻ ሊነሃን የምትባል አሜሪካዊት አለች። በ1961 እ.ኤ.አ.፣ በ17 ዓመቷ፣ ሃርትፎርድ ከተማ ሆስፒታል ስትገባ ራሷን ክፉኛ ትጎዳ ነበር። አድጋ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሆነች፤ ዲቢቲ የሚባለውን፣ ዛሬ ራሳቸውን ለሚጎዱ ሰዎች በብዙ አገር የሚሰጠውን የንግግር ሕክምና ያዘጋጀችው እሷ ናት። በ2011 እ.ኤ.አ. ተኝታ ወደታከመችበት ወደዚያው ሆስፒታል ተመልሳ ታሪኳን ሰው ፊት ተናገረች። ጠባሳዋ አብሯት ነበር።

ከሕክምናው አንድ ነገር ለዛሬ ማታ ልስጥሽ። ግፊቱ እንደ ምጥ ነው። ይመጣል፣ ያይላል፣ ከዚያ ይበርዳል። እንደዚያው እያየለ አይቀጥልም። ሲመጣብሽ ለራስሽ 15 ደቂቃ ስጪ። ከክፍልሽ ውጪ። ፊትሽን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቢ፣ ከዚያ ሰው ያለበት ቁጭ በዪ፤ እናትሽ ሽንኩርት እየላጠች ከሆነ አጠገቧ። ምንም መናገር የለብሽም። 15ቱ ሲያልቅ ሌላ 15 ጨምሪ። ራስሽን የምትጎጂበትን ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ከክፍልሽ አስወጪ።

ዜሮ ገባ ላልሽው፣ አልገባም። አራት ወር ማለት 120 ቀን ነው። እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳለፍሻቸው አስታውሰሽ ጻፊያቸው፤ ለባለሙያዋም አሳያት። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት፣ ወደ 1,900 ወጣቶችን ከ1992 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ተከታትለው ነበር። በጉርምስናቸው ራሳቸውን ይጎዱ ከነበሩት ከ10 ዘጠኙ ትልቅ ሰው ሲሆኑ ትተውታል። አንቺ መተው ጀምረሻል፤ መሐል ላይ አንድ ሌሊት አደናቀፈሽ።

እናትሽ ጠበል ያለችሽ ፈርታ ነው። ሂጂላት። ጠበልና ሕክምና አይጣሉም፤ አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል ተናግረው ነበር። ከጠበል ስትመለሱ፣ ቡና አፍልተሽ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ «እማዬ፣ አባዬ ከሞተ ጀምሮ የሚያመኝ ነገር አለ፣ ሐኪም ጋ አብረሽኝ ሂጂ» በያት። ዝርዝሩን ያን ቀን ባትነግሪያትም ምንም አይደል።

እሷ ከከበደችሽ ግን እህትሽ አለች። አንድ ቤት ያደገች እህት፣ በሚያዝያ ሙቀት ሹራብ የማታወልቅ ልጅ እያየች፣ ምንም ሳትጠረጥር አትቀርም። የቀሚሱን ነገር ይዘሽ ግቢ። «እጅጌ ይኑረው» በያት። ለሚዜዎቹ ሁሉ ስስ እጅጌ ማስጨመር ለልብስ ሰፊ የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ሠርጉም አይበላሽም። ለምን ብላ መጠየቋ አይቀርም። ያኔ አንዱን ክንድሽን ብቻ አሳያት። ሙሽራ ጊዜ የላትም ብለሽ አትፍሪ፤ ለአንድ ጠዋት ካርድ ክፍል አብራሽ ትሰለፋለች።

ካርድ ያወጣሽ ቀን ጻፊልኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ተረኛ ነኝ፤ ደብዳቤ የማነበው ያኔ ነው።