«ከመስኮቱ አጠገብ አስቀምጪያቸው»፦ የፎቶ ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ «ምን ልግዛ?» የሚሉ ናቸው። ስድስቱን መርጫለሁ። ስለ ዕቃ የጠየቃችሁኝን ያህል ስለ ብርሃን መልሻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ስታነቡት ይገባችኋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ካሜራዬ ከ18-55 ሌንስ ጋር የሚሸጥ የጀማሪ ካሜራ ነው። ውጭ ጥሩ ያነሳል። ቤት ውስጥ አያቴን ሳነሳት ግን ወይ ብዥ ትላለች፣ ወይ ቢጫ ትሆናለች፣ ወይ ደግሞ ፎቶው ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። ጓደኞቼ «ፉል ፍሬም ካሜራ ካልገዛሽ ለውጥ የለውም» ይሉኛል። ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። ልግዛ?

መልስ፦ ቆዪ እስቲ እህቴ። ገንዘቡን ገና አትንኪው። አያትሽን ስታነሺያቸው የት ነው የሚቀመጡት? ልገምት፦ ክፍሉ መሃል፣ ሶፋ ላይ፣ ከአናታቸው በላይ አምፖል በርቶ። እዚያ ቦታ የትኛውንም ካሜራ ብትይዢ ትቸገሪያለሽ። ብርሃኑ ማነሱ ብቻ አይደለም፤ የሚመጣበት አቅጣጫም ፊትን አያሳምርም። ከላይ የሚወርድ መብራት ግንባርና አፍንጫን ያበራና ዓይንን ጉድጓድ ያደርገዋል።

አምፖሉን አጥፊው። ቤቱ ቢጨልምም አጥፊው። ቢጫው የሚመጣው ከዚያ ነው። የቤት አምፖል ብዙ ጊዜ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ የቀን ብርሃን ደግሞ ወደ 5500 ይጠጋል። ሁለቱ አንድ ፊት ላይ ሲገናኙ ዋይት ባላንሱ (የካሜራው የቀለም ማስተካከያ) አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻል። አንዱ ጉንጭ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል።

ከዚያ አያትሽን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል አርቀሽ አስቀምጪያቸው። ፊታቸው ቀጥ ብሎ ወደ መስኮቱ አይዙር፣ ትንሽ ሰያፍ ይሁን። ፀሐይ በቀጥታ የሚገባ ከሆነ ስስ መጋረጃ ሳቢበት፤ መጋረጃው ራሱ ትልቅ መብራት ይሆንልሻል፣ የብርሃን ምንጭ በሰፋ ቁጥር ደግሞ ጥላው ይለሰልሳል። በጨለማው ጉንጭ በኩል ወንበር ላይ ነጭ አንሶላ ብትዘረጊ ብርሃኑን መልሶ ይሰጥሻል። አሁን የእሳቸውን ወንበር አንድ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ እያራቅሽ ካሜራው ብርሃኑን ለክቶ የሚያሳይሽን ቁጥር እዪ። ለትንሽ መብራት ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። መስኮት ሰፊ ስለሆነ ቅርብ ላይ እንዲህ በፍጥነት አይደክምም፣ ሦስት አራት ሜትር ከራቁ በኋላ ግን በልዩነቱ ትደነግጫለሽ።

ብዥታው ሌላ ጉዳይ ነው። ካሜራው ብርሃን ሲያጥረው ሹተሩን (ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ወደ 1/15 ሰከንድ ያወርደዋል፤ በዚያ ፍጥነት ሰው ራሱን ትንሽ ቢያነቃንቅ እንኳ ይታያል። ሹተሩን ራስሽ 1/125 ላይ አድርጊው፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፤ ከፍ ሲል አሸዋውን ያመጣል) አውቶ አድርጊና ጣሪያውን 3200 ላይ አቁሚው። አሸዋው ቢመጣ ይምጣ። አሸዋ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ይቀነሳል፤ ብዥ ያለ ፊት ግን ብዙም አይድንም።

ፉል ፍሬሙስ? ሂሳቡን እንሥራው። ያንቺ ሌንስ 55 ላይ በጣም ቢከፈት ኤፍ 5.6 ነው፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ይበልጥ ተከፈተ ማለት ነው። እስከ ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ከዚያ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፤ በፎቶ አንሺዎች አነጋገር ከሦስት ስቶፕ በላይ ማለት ነው፣ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል። የፉል ፍሬም ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ያንቺ ዓይነት፣ ኤፒኤስ-ሲ የሚሉት፣ ወደ 24 በ16 ይጠጋል። ስፋታቸው ከእጥፍ ትንሽ ቢበላለጥ ነው፤ ጥቅሙም ከአንድ ስቶፕ ብዙ አያልፍም። ስለዚህ ካጠራቀምሽው ላይ ትንሹን አውጪና ኤፍ 1.8 ሌንስ ግዢ። ለቤት ውስጥ 35 ሚሊ ሜትሩን እመርጥልሻለሁ፤ በዚህ ሴንሰር ላይ 50ው የ75ን ያህል ስለሚያቀርብ ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ጀርባሽ ግድግዳ ነክቶም አይበቃሽም። አንድ ነገር ልብ በይ፦ በ1.8 ስታነሺ ጥርት የሚለው ቦታ በጣም ቀጭን ነው። ፎከሱን ለካሜራው ቅርብ የሆነው ዓይን ላይ አድርጊው።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። የልጅ ልጆቼ ሲመጡ ግቢ ውስጥ አነሳቸዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ቀትር ላይ ነው። ፊታቸው ይጠቁርብኛል፣ ዓይናቸው አካባቢ ጥላ አለ፣ ሰማዩ ደግሞ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ካሜራዎ ደህና ነው፣ አይስጉ። ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ቅንድብ ዓይንን ይጋርዳል፤ አፍንጫም ከንፈር ላይ ጥላ ይጥላል። አንድ ቀላል መለኪያ ልስጥዎት። መሬት ላይ ያረፈውን የራስዎን ጥላ ይዩ። ከቁመትዎ ካጠረ ፀሐይዋ ከ45 ዲግሪ በላይ ናት፣ ፊት ለማንሳት ትከብዳለች። ከረዘመ ያንሱ።

ልጆች ግን ጥላ እስኪረዝም አይጠብቁም። ስለዚህ የግድግዳ ወይም የበረንዳ ጥላ ይፈልጉ። ዛፍ ሥር ብዙ አልመክርም፤ በቅጠሉ መሃል የሚሾልከው ፀሐይ ፊት ላይ ዝንጉርጉር ያደርጋል። ልጆቹን ጥላው ጠርዝ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙረው ያቁሟቸው። ከኋላቸው የሚታየውም ጥላ ውስጥ ይሁን። በፊልም ዘመን አንስተው ከሆነ «ጠራራ ፀሐይ ላይ ኤፍ 16» የሚለውን ደንብ ያስታውሱት ይሆናል፤ ፊልሙ 100 ከሆነ ሹተሩም 1/100 አካባቢ። ክፍት ጥላ ላይ ያው ደንብ ኤፍ 5.6 ይላል። ይህ ሦስት ስቶፕ ነው፣ ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ጥላ ውስጥ ላለው ፊት ብለው ሲያስተካክሉ ፀሐይ ያረፈበት ጀርባ ሁሉ ነጭ ወረቀት ይመስላል። ሰማይዎም የሚጠፋው በዚሁ መንገድ ነው።

የፊት መጥቆሩን ለብቻው ላንሳው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ በመሠረቱ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ከልጁ ኋላ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ካለ መለኪያው ብርሃን የበዛ ይመስለዋል፣ ሁሉንም ያጨልማል፣ ፊቱም አብሮ ይጨልማል። ያኔ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ይዘው ወደ +1 ይውሰዱት። ጠቆር ያለ ፊት ፎቶውን በሙሉ ሲሞላው ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። መለኪያው ከሚገባው በላይ ያነጣዋል፣ ቆዳው ወዙን ያጣል። ወደ -0.7 ዝቅ ያድርጉት። የጠቆረ ቆዳ ውበቱ የሚወጣው ከጎን የመጣ ሰፊ ብርሃን ጉንጭና ግንባር ላይ ሲያንጸባርቅ ነው። ፊትን ማንጣት እንደ ማሳመር ሲቆጠር ሳይ ከልቤ አዝናለሁ።

ጥያቄ፦ 24 ሜጋፒክስል ይሻላል ወይስ 45? ፎቶዎቼን አንዳንዴ አሳትማለሁ።

መልስ፦ 24 ይበቃሃል። ኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ ጥራት (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለማተም 2480 በ3508 ፒክስል ነው የሚፈለገው፣ ወደ 8.7 ሜጋፒክስል። የወፍ ፎቶ እያነሳህ ግማሹን ቆርጠህ የምትጥል ከሆነ 45ቱ ይጠቅምሃል። አለበለዚያ የሚሞላብህ ሃርድ ዲስክህ ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ካሜራና ሌንስ ልገዛ ነው። ምን ምን ልይ?

መልስ፦ ያገለገለ መግዛት ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እኔም ካሉኝ ሌንሶች አብዛኞቹን እንዲሁ ነው የገዛሁት። ግን አንዴ ተጎድቼበታለሁ። ላዩ አንድ ጭረት የሌለው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገዛሁ፤ ሻጩ «እንደ አዲስ ነው» አለኝ፣ እኔም ላዩን አይቼ ከፈልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በፀሐይ ትይዩ ሳነሳ ፎቶው ሁሉ ጭጋግ ለበሰ። ማታ በስልክ መብራት ሳየው ውስጡ የሸረሪት ድር የሚመስል ሻጋታ አለ። ያን ጊዜ ሻጩ ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ሌንስ ስትገዛ መጀመሪያ ይህን አድርግ፦ ሁለቱንም ክዳን ክፈት፣ ከአንዱ በኩል የስልክህን መብራት አብራና ከሌላው በኩል አዘንብለህ እይ። ትንሽ አቧራ ምንም አይደለም። ድር የሚመስል ነገር፣ ወይም ወተት ጠብ ያለበት የሚመስል ደመና ካየህ ተወው። ሻጋታ መስታወቱ ላይ ያለውን ሽፋን ሊበላው ይችላል፣ ቢጸዳ እንኳ ምልክቱ ሊቀር ይችላል።

ካሜራውን በተመለከተ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ በኤፍ 16 አንሳና ፎቶውን አጉላው፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ክዳኑን ገጥመህ 30 ሰከንድ አንሳ። ጥቂት የሚያበሩ ነጥቦች ያጋጥማሉ፣ ብዙ ከሆኑ ግን ተጠራጠር። ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ ጠይቅ፣ ለብዙ ጀማሪ ካሜራዎች አምራቾቹ የሚሰጡት ግምት 100 ሺህ አካባቢ ነው። ባትሪውን አውጥተህ አብጦ እንደሆነ እይ። የራስህን ሜሞሪ ካርድ ይዘህ ሂድ፣ ያነሳኸውንም ቤትህ ወስደህ በትልቅ ስክሪን ሳታይ ብትችል አትክፈል።

ጥያቄ፦ ፍላሽ ስጠቀም የሰዉ ፊት ጠፍጣፋና የሚያብረቀርቅ ይሆንብኛል።

መልስ፦ ብርሃኑ ከካሜራው አቅጣጫ፣ ከትንሽ ቦታ ስለሚመጣ ነው። ጭንቅላቱ የሚዞር ፍላሽ ካለሽ ወደ ነጭ ጣሪያ ወይም ከጎንሽ ወዳለ ነጭ ግድግዳ አዙሪው። እኔ ግድግዳውን እመርጣለሁ፣ የመስኮት ብርሃን ይመስላል። ግድግዳው አረንጓዴ ከሆነ ፊቱም አረንጓዴ እንደሚሆን አትርሺ። ሹተሩን ከ1/200 አታሳልፊው፤ ብዙ ካሜራዎች ላይ ከዚያ በላይ ሲሆን ከፎቶው አንዱ ጎን በጥቁር ይጋረዳል።

ጥያቄ፦ ካሜራ የለኝም፣ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። ስለ ብርሃን መማር እችላለሁ?

መልስ፦ በደንብ ትችላለህ። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው፣ በኪስ ውስጥ የሚውል ስልክ ሁሌም ጣት ያረፈበት ነው። ከዚያ አንድ ነጭ እንቁላል ውሰድና ከመስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ። በጣትህ ስክሪኑ ላይ እንቁላሉን ንካና ብርሃኑን ዝቅ አድርግ፣ ነጩ ላይ ቅርጽ እስኪታይ። አንድ ፎቶ አንሳ። አሁን እንቁላሉን ሳትነካ አንተ ዙር፦ መስኮቱ ከኋላህ ሲሆን፣ ከጎንህ ሲሆን፣ ከእንቁላሉ ኋላ ሲሆን። ከኋላህ ሲሆን እንቁላሉ ወረቀት ላይ የተሳለ ክብ ይመስላል። ከጎን ሲሆን ከብርሃን ወደ ጥላ የሚሸጋገረው መስመር ይመጣል፣ ያን ጊዜ ድቡልቡል መሆኑን በዓይንህ ትዳስሰዋለህ። ከመስኮቱ እያራቅከው ያንኑ ድገመው፣ መጋረጃውን ስበህ ድገመው፣ ማታ በአንድ አምፖል ድገመው። ፎቶዎቹን አትሰርዛቸው። በሚቀጥለው ቀን እንቁላሉ የነበረበት ቦታ ሰው አስቀምጥና ጥላው አፍንጫው አጠገብ የት ላይ እንደሚወድቅ እይ።