ልጄ መርፌዋን ትታ ትጠመቅ ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። የ9 ዓመት ልጄ ከግንቦት ወዲህ ውኃ ጠጥታ አልረካ አለች። ሌሊት ሽንቷ ያመልጣታል፤ ከመክሳቷ የተነሣ ልብሷ ሰፋባት። ሐኪም ቤት ስናደርሳት ራሷን ልትስት ነበር። «ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ኢንሱሊን ትወጋለች» አሉን። እናቴ «መርፌ እየወጉ ጠበል እምነት ማጉደል ነው፤ መርፌውን ትተሽ አስጠምቂያት» ትለኛለች። እኔን ሌሊት ሌሊት የሚያብሰለስለኝ ደግሞ «የድሮ ኃጢአቴ በልጄ ወጣ ይሆን?» የሚለው ነው። ልጄም «ፍልሰታን እንደ ጓደኞቼ ጾሜ እቆርባለሁ» እያለች ታለቅሳለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከጥያቄዎችሽ አንዱ ቀን አይሰጥምና ከእርሱ ልጀምር። መርፌውን አታቁሚ። ለሱባዔም ብለሽ፣ ለእናትሽ ደስታም ብለሽ፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን አታቁሚ።

ይህን አጥብቄ የምለው በዐይኔ ስላየሁ ነው። ዲያቆን ሳለሁ ከጣና ገዳማት በአንዱ ሱባዔ ይዤ ነበር። አንድ አባት የ13 ዓመት ልጁን በጀልባ ይዞ መጣ፤ ኢንሱሊኑን ቤቱ ትቶታል። በሁለተኛው ቀን ልጁን ያስመልሰው ጀመር። በሦስተኛው ቀን ተኝቶ ሳለ እንደ ሮጠ ሰው በጥልቀት ይተነፍሳል፤ አፉም እንደበሰለ ፍሬ ይሸታል። በዙሪያው የነበርን ሰዎች «መንፈሱ ሊለቅ ነው» ተባባልን። እኔም ዳዊቴን ደገምኩ እንጂ አባትዬውን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁም። አንድ ሸምገል ያሉ መነኩሴ ናቸው ጎንበስ ብለው አይተውት «ይህ ልጅ ታሟል፤ ቶሎ ጀልባ ጥሩ» ያሉት። ልጁ ሐኪም ቤት ደርሶ ተረፈ። ሰውነት ኢንሱሊን ሲያጣ በስኳሩ ፈንታ ስቡን እያነደደ ደሙን በአሲድ እንደሚመርዘው ያን ቀን ተማርኩ። የእኔ ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ንስሐ የምገባበት ነው።

«ጠበሉስ?» ትይኝ ይሆናል። ትጠመቅ እንጂ! ጠበልና መድኃኒትን ያጣላናቸው እኛ ነን። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ እግዚአብሔር በዕድሜው 15 ዓመት ጨመረለት (2ኛ ነገሥት 20)። ይህ ተስፋ ከተሰጠው በኋላ ኢሳይያስ ያዘዘው ምን ነበር? የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲያደርጉለት። እግዚአብሔር «እፈውስሃለሁ» ያለውም ሰው መድኃኒቱ አልቀረለትም። ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ጽፎልናል። በእኛም ዘመን ኤች አይ ቪ ያለባቸው ምእመናን ጠበል ሲገቡ መድኃኒታቸውን ያቋርጡ ስለነበር፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እንደማይቃረኑ በግልጽ ተናግረዋል።

ዲያብሎስ ጌታን በመቅደስ ጫፍ አቁሞ «ራስህን ወርውር» ሲለው፣ ጌታ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ ነው የመለሰለት። ደረጃ እያለ መዝለል እምነት አይባልም። እናትሽን ግን አትቆጫቸው። የልጅ ልጃቸው በቀን ስንቴ ስትወጋ ማየት አንጀታቸውን እየበላው ነው። መርፌውን ስታዘጋጂ «እማዬ፣ አቡነ ዘበሰማያት በይላት» በያቸው። እርሳቸው ሲጸልዩ አንቺ ውጊ።

ስትጠመቅ የምትጠነቀቂው አለ። ጠበል ማለዳ በባዶ ሆድ ነውና አስቀድመሽ ስኳሯን ለኪ። ብዙ አስጠጥቶ ማስመለስ በተለመደበት ቦታ አታስጠጫት። ደግሞም ይህን ልብ በይ፦ ብዙ ልጆች ሕክምና በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቆሽታቸው ትንሽ ያገግምና የሚያስፈልጋቸው ኢንሱሊን ይቀንሳል። ያ ጊዜ ከጠበሉ ጋር ሲገጥም ስንቱ ወላጅ «ልጄ ዳነች» ብሎ መድኃኒቱን ይጥላል! ጊዜው አልፎ ስኳሩ ይመለሳል። ጌታ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ እንኳ «ሂድ፣ ራስህን ለካህን አሳይ» አለው፤ በዚያ ዘመን ለምጽን መርምሮ የሚመሰክር ካህኑ ነበርና። የልጅሽን ስኳር መርምሮ የሚመሰክረው ሐኪሟ ነው። እርሱ ሳይል አንዲት ጠብታ አትቀንሺ።

ወደ ሌሊቱ ሐሳብሽ ልምጣ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ኃጢአት የሠራ ማን ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ሲሉ ጌታ እርሱም ወላጆቹም አለመሆናቸውን ነገራቸው (ዮሐ. 9)። ያንቺው ጥያቄ ነው፤ መልሱም ተሰጥቷል። የሠራሽው ኃጢአት ካለ ለንስሐ አባትሽ ተናገሪ፣ ይፈታል፤ ከልጅሽ ሕመም ጋር ግን አታጋቢው። የገዛሽላት ከረሜላም አላመጣባትም። የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሕዋሶች ስላጠፋቸው ነው፤ ይህን ደግሞ እናት ልትከለክለው አትችልም። ኢንሱሊን የተገኘው በፈረንጆች 1921 ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሞች የነበራቸው መላ ልጆቹን በረኃብ ማቆየት ብቻ ነበር፤ ልጆቹም ከስተው ያልቁ ነበር። በ1922 ካናዳ ውስጥ መጀመሪያ የተወጋው የ14 ዓመት ልጅ ግን ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ስንት እናት አልቅሳ ያላገኘችውን ነው አንቺ በእጅሽ የያዝሽው።

ስለ ፍልሰታ። በነጠላ ተጠቅልለው የሚያስቀድሱትን ሕፃናት ሳይ እኔም የልጅሽ ለቅሶ ይገባኛል፤ ይህ ጾም የእነርሱ ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ጾምን በታመመ ሰው ላይ አትጭንም፤ የሐዋርያት ቀኖናም ደዌ ያለበትን ለይቶታል። ከሥጋና ከወተት ትከልከል፣ ሐኪሟ ካልከለከለ በሽሮና በምስር ትጹም። ሰዓት መዋል ግን ይቅርባት። መርፌውን ተወግታ ካልበላች ስኳሯ ይወርዳል፦ ያልባታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትደነጋገራለች። ያኔ ወዲያው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ አጠጫት፤ ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም ሳትሰጪ ወደ ሐኪም ሩጪ። መርፌው እህል ውኃ አይደለምና ጾም አይሽርም።

ለመቁረብ ቅዳሜን ወይም እሑድን ምረጡ፤ ቅዳሴው በጠዋት ስለሆነ ሌሊቱን ብቻ ነው የምትጾመው። ይህንም ቢሆን ከሐኪሟና ከንስሐ አባትሽ ጋር ነሐሴ ሳይገባ ተነጋገሪበት። በነጠላዋ ጫፍ ከረሜላ ቋጥሪላት። በቅዳሴው መካከል ከወረደባት ትብላ፤ ያን ቀን መቁረቧ ይቀራል፣ ሳምንት ትቆርባለች። ከቆረቡ በኋላ ደም እንዳይፈስ መጠንቀቅ ሥርዓታችን ነውና ስለ ጣቷ መወጋት ትጨነቂ ይሆናል። የሚቻለውን ያህል ልኬቱን ከቅዳሴ በፊት አድርጊው። ምልክት ካየሽባት ግን ከቆረበችም በኋላ ለኪያት። በእኔ እምነት ሕይወቷን የሚያቆይ ጠብታ እንደ ድፍረት አይቆጠርባትም፤ የንስሐ አባትሽ ሌላ ጥንቃቄ ካሏቸው ይንገሩሽ።

ስመ ክርስትናዋን ላኪልኝ፤ በኪዳኑ ጸሎት አስባታለሁ። የእናትሽንም ጨምሪልኝ።