መልስ፦ የሰፈር ፓርክ የ20 ዓመት ዕቅድ ከየት ይጀምራል?

ለፓርክና ለእግር መንገድ የ20 ዓመት ዕቅድ ከየት እንደሚጀመር ለጠየቃችሁት፦ ከካርታው በፊት ቦታው ላይ ቁጭ በሉ። ጠዋትም፣ ማታም። ሣሩ ላይ በእግር ብዛት የተላጨች ቀጭን መስመር ታገኛላችሁ። ሰው መሄድ የሚፈልገው በዚያ ነው፤ መንገዱን እዚያው አድርጉት።

ከዚያ ርቀት ለኩ። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ መነሻ ጥሩ ነው፦ ከቤት በ300 ሜትር ውስጥ፣ የ5 ደቂቃ መንገድ ያህል፣ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር አረንጓዴ ቦታ። ከዚህ ውጪ የቀሩትን ቤቶች ካርታው ላይ ቀለም ቀቧቸው። ለእነሱ ፓርክ የሚሆነውን መሬት አሁኑኑ ያዙ፤ ቤት ከተሠራበት በኋላ ማስመለስ ጭንቅ ነው። ዥዋዥዌው ይደርሳል። ዛፉን ግን ጥላ እስኪሆን ዓመታት ስለሚፈጅ በመጀመሪያው ዓመት ትከሉ።

ዳገት ላይ መንገድን የሚበላው ውሃ ነው። ቀጥ ብሎ ቁልቁል የወረደ መንገድ በዝናብ ቦይ ይሆናል። አማካይ ተዳፋቱ ከ10 በመቶ አይብለጥ፤ ማለትም በ100 ሜትር ርቀት ከ10 ሜትር በላይ አይውጣ ወይም አይውረድ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ጥገናው ነው። ሪባን ተቆርጦ በሁለተኛው ዓመት ቧንቧው የደረቀ፣ የወንበሩ ጣውላ የተነቀለ ፓርክ ስንቱን አየሁ! ማን እንደሚጠግን፣ ገንዘቡም ከየት እንደሚመጣ ሳይጻፍ ዕቅዱን አትፈርሙ። በየ5 ዓመቱም ከልሱት፤ ዛሬ የሚዳኸው ሕፃን ያኔ ኳስ ሜዳ ይፈልጋል።