በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ፊልም ሲኒማ ቤት ይደርሳል?

ጥያቄ፦ በብሪታንያ ያለ ስቱዲዮ ድጋፍ፣ ከኪስ በወጣ ገንዘብ ፊልም ሠርቶ ለሲኒማ ማብቃት በእርግጥ ይቻላል?

መልስ፦ አዎ፣ ይቻላል፤ የክሪስቶፈር ኖላን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የታየው «ፎሎዊንግ»፣ ለዚህ ምስክር ነው። ተዋንያኑም ሆኑ ባለሙያዎቹ በሥራ ቀናት በየመሥሪያ ቤታቸው ይውሉ ስለነበር፣ የለንደኑ ቀረጻ በየቅዳሜው እየተካሄደ አንድ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ከሁሉም የከበደው ወጪ የ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ የፊልም ጥቅል በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ትዕይንት አስቀድሞ ተደጋግሞ ይጠናና ካሜራው ፊት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ይቀረጽ ነበር፤ መብራት ከመከራየት ይልቅም በመስኮት የሚገባውን ብርሃን ተጠቅመዋል። ይህን ትዕግሥት እጅግ አደንቃለሁ።

ስርጭቱ ግን ራሱን የቻለ ትግል ነው፤ ፊልሙ በሳን ፍራንሲስኮ ፌስቲቫል ከታየ በኋላ አንድ አነስተኛ አከፋፋይ በ1999 ለአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች አቀረበው። ስለዚህ የፌስቲቫል ማመልከቻ ክፍያን ከመነሻው በበጀትዎ ውስጥ ያካትቱ።