ከወንዙ ይልቅ ሰማዩን ይመልከቱ

ጥያቄ፦ የፈረንሳዊው ሠዓሊ የአንሪ ሩሶ «የሴቭር ድልድይ» ሥዕል ቅጂ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። ወንዝ፣ ድልድይ፣ ኮረብታ፣ በሰማዩም ላይ ሦስት በራሪ ነገሮች ይታዩበታል። ባለቤቴ «ይህንማ ሕፃን ልጅም ይስለዋል» ትላለች። እኔ ግን ወንዙ የሰውን ዕድሜ፣ ፊኛው ደግሞ ነፍስን የሚወክሉ ይመስለኛል። ማንኛችን ትክክል ነን?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሁለታችሁም ጥቂት ቸኩላችኋል። ሩሶ (ከሞክሼው ከፈላስፋው ጋር እንዳይምታታብዎት) የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ፣ በፓሪስ ኬላዎች ላይ ቀረጥ እየተቀበለ ራሱን በራሱ ያስተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1893 ጡረታ ከወጣም በኋላ ጊዜውን ለብሩሹ የሰጠ ሰው ነው። ባለቤትዎን ያሳሳታቸው ርቀትን አለማክበሩ ሳይሆን አይቀርም፤ በትምህርት የሠለጠነ ሠዓሊ የሩቁን አደብዝዞ የቅርቡን ያጎላል፣ እርሱ ግን የሩቁንም የቅርቡንም ጠርዙን አጥርቶ በእኩል ጥንቃቄ ይስላል። እስኪ ጠጋ ብለው ዛፎቹን ያስተውሉ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከሕፃን አይጠበቅም።

የእርስዎን ትርጓሜ በተመለከተ፣ ምስጢሩ ያለው ከወንዙ ይልቅ በሰማዩ ላይ ይመስለኛል። ሞስኮ በሚገኘው የፑሽኪን ሙዚየም የተቀመጠው ይህ ሥዕል የ1908 ሥራ ነው። ፊኛ ያኔም ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነገር ነበር። ሲጋራ የመሰለው የአየር መርከብ «ፓትሪ» እንደሆነ ይታወቃል፤ ይህ መርከብ በኅዳር ወር 1907 ነፋስ ከማሰሪያው ነጥቆ ወስዶት የጠፋ ነው። ባለድርብ ክንፉ የአሜሪካዊው የበረራ ፈር ቀዳጅ የዊልበር ራይት አውሮፕላን ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በነሐሴ 1908፣ ያውም ከፓሪስ አጠገብ ካለችው ከሴቭር ርቃ በምትገኘው በለ ማን ከተማ አጠገብ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ሰማይ ላይ ሊገናኙ አይችሉም፤ ያገናኛቸው ከጋዜጣና ከፖስታ ካርድ መቅዳት የለመደው የሩሶ እጅ ነው።

በዚህ ምክንያት ፊኛውን ነፍስ ከማለት ይልቅ ወሬ ብለው ቢያነቡት ይሻላል፤ ሠዓሊው የፓሪስ ሰው ሁሉ በሚያውቀው በሴን ወንዝ አናት ላይ የዘመኑን መነጋገሪያ ደርድሯል። አውሮፕላኑ የሚበር ሳይሆን ሰማዩ ላይ የተለጠፈ ቢመስል አይፍረዱበት፤ የተቀዳበት ምስልም የማይንቀሳቀስ ነበርና።