ማሳዬን በጂፒኤስ ለምን ይመዘግቡታል?

ጥያቄ፦ ጅማ ዞን ቡና አለኝ። ማኅበራችን «ማሳችሁን በጂፒኤስ እንመዝግብ» አለን። ግብር ሊጭኑብን ይሆን? ፈረንጅስ ስለ እኔ ማሳ ምን አገባው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ግብር አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 (በፈረንጆቹ) ያወጣው ሕግ ነው። ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የለማ ቡና አውሮፓ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ካካዎ፣ አኩሪ አተርና እንጨትም አሉበት። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሲራዘም ቢቆይም አስመጪው ቡናው የበቀለበትን ቦታ ማሳወቅ አለበት። ማሳዎ ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ዙሪያውን መዞር የለም። የድሮ ማሳ ከሆነማ ምንጣሮው አያሳስብዎት። እኔን የሚያናድደኝ ወጪው ነው፤ ገዢው ደን ይጠበቅልኝ ካለ መዝገቡንም ቢከፍል ምን አለበት? ለማንኛውም የይዞታ ደብተርዎን ያዘጋጁ። መዝጋቢዎቹ ሲመጡ ደግሞ የመረጃውን ቅጂ ለራስዎ ይጠይቁ።