የድንገተኛ ጊዜ ቦርሳችሁ ውስጥ የጎደለው ምንድን ነው? ጠይቁኝ

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር አፋር ውስጥ፣ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ስንቶቻችንን በሌሊት ከኮንዶሚኒየም አስወርዶናል። ከዚያ ወዲህ የሰፈሬን ሰዎች ቦርሳ እያስከፈትኩ አያለሁ። ውኃ አለ፣ ብስኩት አለ፣ ባትሪ አለ። የሚጎድለው ሌላ ነው። ለብዙ ዓመት የመጀመሪያ ዕርዳታ በጎ ፈቃደኛ ነበርኩ። እስቲ ጠይቁ።

ሰሚት 4ኛ ፎቅ፦ ጋሼ፣ ሰው በብዛት የሚረሳው ምንድን ነው?

መልስ፦ ጫማ። አትሳቁ። የዚያን ሌሊት ግቢያችን ውስጥ የቆመው ሰው ግማሹ ባዶ እግሩን ነበር። መስታወት ቢረግፍ መጀመሪያ የሚቆረጠው እግር ነው። እግሩ የተቆረጠ ሰው ደግሞ ልጅ አዝሎ 4 ፎቅ አይወርድም። ስኳር ያለበት ሰውማ መቁሰሉንም ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ የሚዘጋ ጫማ፣ በፌስታል ታስሮ፣ አልጋ ሥር። ቦርሳ ውስጥ አይደለም! እዚያው ፌስታል ውስጥ ባትሪም ጣሉበት። ቀጥሎ መነጽር። አሮጌውን አትጣሉ፣ ቦርሳው ውስጥ ክተቱት። ከዚያ መድኃኒት። ባለቤቴ የደም ግፊት ኪኒኗን ኮመዲኖ ላይ ትታ ወረደች፤ ልመለስና ላምጣ ስል ደረጃው ላይ ተጨቃጨቅን። የወረደ አይመለስ!

የስኳር ታማሚ፦ ኢንሱሊን ያለ ፍሪጅ ይቆያል?

መልስ፦ የተከፈተው ሙቀት በማይበዛበት ክፍል ውስጥ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ያንተን ዓይነት ፋርማሲ ጠይቅ። በረዶ ላይ አታስቀምጠው፣ ከረጋ ተበላሸ። ሰው ኢንሱሊኑን ይይዝና መርፌውን ይረሳል። ስኳር ሲወርድብህ የምትቀምሰውን ከረሜላም እንደዚሁ።

እናት ነኝ፦ ውኃስ?

መልስ፦ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር፣ ለ3 ቀን። ካለቀ፣ ያገኛችሁትን ውኃ ለማከም ሽቶ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና፣ ለ1 ሊትር 2 ጠብታ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ መጠበቅ። በረኪናው ሁሉም ቤት አለ። ማንጠባጠቢያው የለም። በክዳን ለክቶ የሚጠጣ ሰው አይቻለሁ!

የአራት ኪሎዋ፦ ስንቅ እንደ ጭኮ የለም። አይበላሽም፣ ያጠግባል።

ባለ ሱቁ፦ ቅቤ እኮ ነው! ታኅሣሥ ላይ የነቢያት ጾም ነበር። ዳቦ ቆሎ ይሻላል።

የአራት ኪሎዋ፦ መሬት እየተንቀጠቀጠ ስለ ጾም?

ባለ ሱቁ፦ ያኔ ካልጾምሽ መቼ ልትጾሚ ነው?

መልስ፦ ተዉ እንጂ። ጥርስ የሌላት እናቴ ዳቦ ቆሎ አትቆረጥምም። በሶ ያዙ፣ ለሁሉም ይሆናል። ቀጥሉ።

የገርጂው፦ ቴሌብር ላይ ብር አለኝ፣ ጥሬ ብር ያስፈልጋል?

መልስ፦ ኔትወርክ ሲጠፋ ያለህ ብር ኪስህ ያለው ብቻ ነው። ዝርዝር ያዝ። በ200 ብር ኖት ውኃ ብትገዛ መልስ የሚሰጥህ የለም።

እንግዳ፦ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ይፈነዳል ይላሉ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እኔ የማውቀው ቦርሳ ነው። እሱን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ሰዎችን ጠይቅ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ቦርሳው ውስጥ ዋናው ነገር ምንድን ነው?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ በአጭሩ ቢነግሩኝ?

መልስ፦ ጫማ! አልጋ ሥር! የወረደ አይመለስ!

ሰሚት 4ኛ ፎቅ፦ ስልክ ቁጥሮችስ?

መልስ፦ ወረቀት ላይ ይጻፉ። አምቡላንስ 907፣ እሳት አደጋ 939፣ ፖሊስ 991። የእህትህን ቁጥር በቃልህ ታውቀዋለህ? ይኸው፣ ስልክህ ሲዘጋ እሷም የለችም ማለት ነው።

እናት ነኝ፦ ጋሼ፣ እኛ የብረት በሩን ማታ በጓጉንቸር ነው የምንቆልፈው። ቁልፉ የት ይሁን?

መልስ፦ ኧረ! የኛም እንደዚያው ነው። ቁልፉ የሚያድረው ባለቤቴ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ በጨለማ እሱን ስንፈልግ… መጣሁ። ቁልፍ ቀራጩ ሳይዘጋ አንድ ላስቀርጽና ጫማዬ ውስጥ ላድርገው።